ቅዱስ ያሬድ፦ ከማይ ኪራህ ጥላ እስከ ሰሜን ተራሮች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚሁ በመቐለ ከተማ፣ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ እኔ ቀረቡ። ልጁ 15 ዓመት ሞልቶታል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ገና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ትምህርት ቤቶቹም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ሦስት ዓመት ያህል ደብተር ሳይገልጥ ቆይቶ ሲመለስ የሚያውቀው ሁሉ ከእጁ ወጥቶ ነበር። ንባቡ አልቀና አለው፤ ከዚህ በኋላ አይገባኝም ብሎም ትምህርቱን ሊተው ወስኗል። እናቱ የጠየቁኝ ጸሎት እንዳደርግለት ነበር። እኔም ከጸሎቱ ጋር የአንድ ቅዱስ አባትን ሕይወት ነገርኩት። ያ ሕይወት ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ዘመኑ ለደረቀበት ሰው ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ፣ ለምእመናን እንዲደርስ በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ።

ይህ አባት ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ ነው። ስሙን ሁላችን እናውቀዋለን፤ የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ሁሉ ከእርሱ የተገኘ ነውና። ከዜማው በፊት ስላሳለፋቸው ዓመታት ግን ብዙ ጊዜ ቆም ብለን አናስብም።

ልደቱና አስተዳደጉ

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ተወለደ። አባቱ አብዩድ፣ እናቱም ታውክልያ ይባሉ ነበር። አክሱም በዚያ ዘመን ታላቅ የመንግሥትና የሃይማኖት ከተማ ነበረች። ዐፄ ካሌብ በናግራን ስለ ሃይማኖታቸው ለተገደሉት ክርስቲያኖች ባሕር ተሻግሮ የዘመተው፣ በኋላም ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ የመነነው በዚያው ዘመን ነው። ከተሰዓቱ ቅዱሳን እንደ አቡነ አረጋዊ ያሉት አባቶችም ገዳማትን ይመሠርቱ ነበር። ቅዱስ ያሬድ በዚህ ሁሉ በረከት መካከል ተወለደ፤ የራሱ ቤት ግን ገና በሕፃንነቱ በኀዘን ተመታ። አባቱ ሞተበት።

በአገራችን የሙት ልጅ ኑሮ ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። እናቱ ታውክልያ ልጇን ብቻዋን ማሳደግና ማስተማር ስለ ከበዳት፣ በአክሱም ጽዮን መምህር ወደ ነበረው ዘመዳቸው ወደ አባ ጌዴዎን ወሰደችው። አባ ጌዴዎንም ልጁን ተቀብሎ አሳደገው፤ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር አስቀምጦም መዝሙረ ዳዊት ያስተምረው ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። እግዚአብሔር ለዚህ ሕፃን ያዘጋጀው የመጀመሪያው መግቦት የሰው ቤት ነበር፤ ዘመድ በር ከፈተለት፣ ከማዕዱም አካፈለው። መከራ በበዛበት ዘመን የእግዚአብሔርን እጅ ከሰማይ ስንጠብቅ፣ በጎረቤት በር በኩል ተዘርግታ የምናገኛት ብዙ ጊዜ ነው። በዚህች ከተማ መንገድ ተዘግቶ፣ ባንክ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት አንዱ ቤተሰብ ለሌላው እፍኝ ጤፍ ሲያካፍል ያየን ሁሉ ይህን እናውቃለን።

ያልገባው ትምህርት

የቅዱስ ያሬድ ፈተና በሙት ልጅነት ብቻ አላበቃም። ትምህርቱ አልገባው አለ። ጓደኞቹ ዳዊቱን በቃላቸው ይዘው ወደሚቀጥለው ሲሻገሩ እርሱ ከነበረበት አልንቀሳቀስ አለ። ዛሬ የያዘውን ነገ ይረሳዋል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሕፃናት ሲያልፉት፣ እርሱ ግን ዘወትር ከጀማሪዎች ጋር ይቀመጥ ነበር። ባልንጀሮቹ ይስቁበት፣ መምህሩም ይገሥጹትና ይገርፉት ነበር።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የአብነት ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ነው። ረኀቡንም ብርዱንም የሚታገሠው ትምህርቱ ይገባኛል በሚል ተስፋ ነው። ትምህርቱ አልገባ ሲል ግን ረኀቡ ይበረታል፣ ብርዱም ይጠነክራል፤ የደከሙበት ሁሉ ከንቱ መስሎ ይታያል። እኔም ጾመ ድጓ በምማርበት ጊዜ፣ መምህሬ ሦስት ጊዜ የመለሱኝን አንዲት ዜማ በአራተኛውም ስስታት፣ ሌሊቱን ሙሉ ዕቃዬን ስጠቀልልና ስፈታ ያደርኩበት ቀን ነበር። ስለዚህ ቅዱሱ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማው በጥቂቱም ቢሆን ይገባኛል።

በመጨረሻም ግርፋቱና ነቀፋው ሲበዛበት ከአባ ጌዴዎን ቤት ሸሸ። አክሱምን ወደ ኋላው ትቶ መንገድ ጀመረ። ሲሸሽ በሥጋ የሚታይ ተስፋ አልነበረውም፤ ወደ ትምህርቱ እንዳይመለስ አልገባ ብሎታል፣ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ አባቱ የለም።

በማይ ኪራህ

ከአክሱም ብዙም ሳይርቅ ማይ ኪራህ ከምትባል ስፍራ ደረሰ። ደክሞት ስለነበር ከአንዲት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ልቡ አዝኖ ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል በዛፏ ግንድ ላይ ሲወጣ አየ። ትሉ ከዛፏ ፍሬ ሊመገብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥቂት እንደሄደ ግን ይወድቃል። እንደገና ይጀምራል፤ እንደገናም ይወድቃል። ከመካከል ደርሶ የወደቀበት ጊዜም ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ከላይ ደረሰና የዛፏን ፍሬ በላ።

ቅዱስ ያሬድ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ተመለከተ። ትሉ እጅና እግር የሌለው ደካማ ፍጥረት ነው፤ የሚያበረታታውም የሚያስተምረውም የለም። ሆኖም ምግቡን ሳያገኝ አልተመለሰም። ቅዱሱ ያን ጊዜ ራሱን መረመረ። ይህ ደካማ ፍጥረት ለሥጋው ምግብ ይህን ያህል ከታገሠ፣ እርሱ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረው ለነፍሱ ምግብ መታገሥ እንዴት ያቅተዋል ብሎ አሰበ። ግርፋቱ የማይቻል መስሎ የታየው ትዕግሥት ስለጎደለው እንደሆነ አስተዋለ።

ወዳጆቼ ሆይ፣ ይህን ታሪክ ሁላችን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ስለለመድነውም ኃይሉን ልንዘነጋው እንችላለን። ኋላ ላይ እግዚአብሔር ለዚህ ቅዱስ ከገነት አዕዋፍን ልኮለታል። በጨነቀው ዕለት ግን የላከለት አንድ ትል ነው። ታላቁ ምሥጢር ከመገለጡ በፊት ትንሹ ፍጥረት መምህር ሆኖ ቀረበ። ቅዱስ ያሬድ ዓይኑን ወደ ሰማይ ብቻ አቅንቶ ተአምር ቢጠብቅ ኖሮ በአጠገቡ ያለውን ባላስተዋለ ነበር። በደረቅ ዘመን እግዚአብሔር አንዳንድ ጊዜ የሚናገረን ከእግራችን አጠገብ ባለ ነገር ነው፤ ቀና ብለንም ዝቅ ብለንም ማየት ያስፈልገናል።

ደግሞም ትሉ ፍሬውን በሰባተኛው ሲያገኝ፣ ፍሬው ያን ጊዜ አልበቀለም። በመጀመሪያው ሲወድቅም ፍሬው ከዛፏ ላይ ነበር። የእግዚአብሔር መግቦት ከድካማችን አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ ትዕግሥታችን ወደ ተዘጋጀው ያደርሰናል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

መመለሱ

ቅዱስ ያሬድ ከዚያች ዛፍ ሥር ተነሥቶ ወደ አክሱም ተመለሰ። ወደ መምህሩ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንዲያስተምረውም ለመነ። አባ ጌዴዎንም ተቀበለው። በሸሸበት መንገድ መመለስ፣ በሳቁበት ባልንጀሮች መካከል እንደገና መቀመጥ፣ በገረፈው መምህር ፊት መንበርከክ ቀላል ነገር አይደለም። የትሉ ትምህርት በቅዱሱ ላይ ፍሬ ማፍራት የጀመረው በዚህች ትሕትና ነው።

ከዚያም በኋላ ወደ እግዚአብሔር እያለቀሰ ይለምን ጀመር። እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ ልቡናውን ብሩህ አደረገለት። በአጭር ጊዜ 150ውን መዝሙረ ዳዊት፣ ከዚያም ብሉያትንና ሐዲሳትን ተማረ፤ መዓርገ ዲቁናም ተሾመ። አባ ጌዴዎን ሲያርፍም በመምህሩ ወንበር ተቀምጦ ያስተምር ጀመር። ደካማ ተብሎ የተሳቀበት ልጅ የደካሞች መምህር ሆነ። በገዛ ራሱ ላይ ያየውን ስለሚያውቅ፣ ትምህርት የማይገባውን ተማሪ በምን ዓይነት ርኅራኄ ይመለከተው እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ከአርያም የሰማው ዜማ

በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ጸሎቷን የምታደርሰው በለሆሳስ ንባብ እንደነበረ፣ ከፍ ባለ ድምፅ የሚዘመር ዜማም እንዳልነበረ ስንክሳር ይነግረናል። እግዚአብሔር ለራሱ መታሰቢያ ሊያቆም በወደደ ጊዜ ሦስት አዕዋፍን ከገነት ላከለት። ሦስትነታቸው የቅድስት ሥላሴ ምሳሌ ነው። በሰው አንደበት አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም አወጡት። በዚያም 24ቱ ካህናተ ሰማይ እግዚአብሔርን ሲያመሰግኑ ሰማ፤ ዜማቸውንም በልቡ ያዘ።

ተመልሶም ወደ አክሱም ጽዮን ገባ፤ ከቀኑ በሦስት ሰዓትም ድምፁን ከፍ አድርጎ አመሰገነ። ያ ዜማ አርያም ተባለ። ድምፁን የሰሙ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጡ፤ ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ፣ መኳንንቱም ሁሉ ቆመው ሲሰሙት ዋሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ዜማዎች የቤተ ክርስቲያናችን ልሳን ሆኑ። በመጻሕፍትም ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን አበረከተ። በዜማው ላይ የሚቀመጡት ምልክቶችም የጌታችንን መከራ እንዲያሳስቡ ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ ይዘት መያዙን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን መንጠባጠብ ያስታውሳሉ። በዜማችን ውስጥ ሕማሙ እንዲህ ተጽፎአል። ተገርፎ ያደገው ልጅ ያደራጀው ዜማ፣ ስለ እኛ የተገረፈውን ጌታ በየምልክቱ እንድናስብ ያደርገናል።

ለበጋም ለክረምትም የሚሆን ምስጋና

የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ዓመቱን በአራት ይከፍላል፤ መፀው፣ ሐጋይ፣ ጸደይና ክረምት። ክረምት ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ ዘሩን፣ ዝናቡንና ደመናውን ይዞ ይገባል፤ ከመስከረም 26 ጀምሮ የአበባው ወቅት መፀው ይተካዋል። ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ደግሞ ሐጋይ፣ ማለትም በጋ ነው። ምድር ትደርቃለች፣ ምንጮች ይጎድላሉ፣ ሣሩ ይጠወልጋል። የትግራይን ሜዳ በየካቲት ወር ያየ ሰው ደረቅ ዘመን ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ቅዱስ ያሬድ ይህን ወቅት ያለ ዝማሬ አልተወውም። ለአበባው ወቅት እንደዘመረ ለበጋውም ዘምሯል። ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም የሚገባውም በዚሁ ወቅት ነው። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ይዘማሉ። ድምቀቱ ይቀንሳል፣ ምስጋናው ግን አይቋረጥም። የጾሙን ሳምንታት ስም የሰጣቸው ራሱ ቅዱስ ያሬድ ነው፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና እያልን የምንቆጥረው በእርሱ ነው። ከእነዚህ መካከል አራተኛው ለመፃጉዕ የተሰጠ መሆኑን እናስብ። ይህ ሰው 38 ዓመት በአልጋ ላይ ሆኖ ሌሎች ሲቀድሙት ያየ ነው። ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው አላገኘም፤ ጌታችን ግን ካለበት ድረስ መጣለት። ከባልንጀሮቹ ኋላ የቀረው ያሬድ፣ ሌሎች ሲቀድሙት ለኖረው ለመፃጉዕ በዐቢይ ጾም መካከል አንድ ሳምንት አስቀመጠለት። ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ ከዚያች አልጋ አጠገብ ቆማ ትዘምራለች።

ጦሩና ስንብቱ

አንድ ቀን ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመሥጦ የያዘውን ጦር በቅዱሱ እግር ላይ ተከለው። ደሙ እየፈሰሰ ሳለ ንጉሡ አላወቀም፤ ቅዱስ ያሬድም ምስጋናውን እስኪፈጽም ድረስ አልተሰማውም። ዜማው ሲያበቃ ንጉሡ አይቶ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቀለ። ስለ ፈሰሰው ደም የወደደውን እንዲለምነው ነገረው። ቅዱሱም እንዳይከለክለው በመሐላ ካረጋገጠ በኋላ፣ ወደ በረሃ ሄዶ እንዲመነኩስ እንዲያሰናብተው ለመነ። ንጉሡና መኳንንቱ እጅግ አዘኑ፤ ስለ መሐላው ግን ሊከለክሉት አልቻሉም።

ከንጉሥ ፊት የቆመ፣ አገር ሁሉ የሚያደምጠው ሰው ሀብትና ሹመት መለመን ይችል ነበር፤ እርሱ ግን በረሃን ለመነ። በልጅነቱ ደረቅ ዘመን ሳይፈልገው መጥቶበት ነበር፤ አሁን ራሱ ወዶ ሊገባበት ሄደ። እግዚአብሔር በዚያ እንደሚገኝ በማይ ኪራህ አውቆ ነበርና። ከመሄዱ በፊት በአክሱም ጽዮን በታቦቷ ፊት ቆሞ የእመቤታችንን ምስጋና አንቀጸ ብርሃንን ደረሰ፤ ሲያደርስም ከምድር አንድ ክንድ ከፍ ብሎ እንደነበር ተጽፎአል።

በሰሜን ተራሮች

ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። የሰሜን ተራራ ብርዱ ጽኑ፣ ገደሉ ጥልቅ፣ ኑሮውም አስቸጋሪ ነው። ቅዱስ ያሬድ በዚያ በጾምና በጸሎት ተወስኖ ሥጋውን እጅግ አደከመ፤ ዜማውንም ለደቀ መዛሙርት አስተማረ። እግዚአብሔርም ስሙን ለሚጠሩና መታሰቢያውን ለሚያደርጉ ቃል ኪዳን ሰጠው። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በዚያው በሰሜን ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፈ፤ መሰወሩንም ሊቃውንት ይተርካሉ። ቤተ ክርስቲያናችንም በየዓመቱ በዚህች ቀን በዓሉን ታከብራለች።

ድርሰቱም እንደ ደራሲው በመከራ አልፏል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ብዙ መጻሕፍት ጠፍተዋል። ሊቃውንቱም አልቀው የዜማው ትምህርት እጅግ ተዳክሞ ነበር። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ግን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት በተድባበ ማርያም ተቀምጠው ዜማውን በምልክት አጽንተው ለትውልድ አስተላለፉ። በጋይንት የሚገኙት ቤተልሔምና ዙር አምባም እስከ ዛሬ ድረስ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት የምስክር ጉባኤያት ሆነው ይኖራሉ። ከተቃጠለ አገር ውስጥ የተረፉ ጥቂት ሊቃውንት ተስፋ ሳይቆርጡ ስለ ሠሩ፣ እኛ ዛሬ እንዘምራለን።

ለእኛ የሚሆን

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዚህ ዘመን ብዙዎቻችን ከማይ ኪራህ ዛፍ ሥር ተቀምጠናል። ልጁን በጦርነት ያጣ አባት አለ፤ ከቀዬው ተፈናቅሎ እስካሁን ያልተመለሰ አለ፤ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ጤናው የደረቀበትም አለ። ለእነዚህ ሁሉ ትዕግሥት ብቻ ስበኩላቸው ብዬ አልናገርም። ቅዱስ ያሬድን ቤቱ የተቀበለ ዘመድ እንደነበረ፣ ሸሽቶ ሲመለስም በሩን ያልዘጋበት መምህር እንደነበረ መርሳት የለብንም። ስለዚህ መምህራንና ወላጆች በሦስት ዓመት ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ሰነፍ ብለን አንጥራው፤ የሚሳቅበት ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። የወደቀውም ቢሆን ውድቀቱን አይቁጠር። ትሉ ስንት ጊዜ እንደወደቀ የቆጠረው ተመልካቹ ነው፤ ትሉ ይወጣ ነበር።

ያን ልጅ ከታሪኩ በኋላ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ሕፃናት ጋር ሳያፍር ተቀምጦ ንባቡን ከፊደል እንዲጀምር። መልስ አልሰጠኝም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት። ዛሬም ገና ከንባብ ጋር እየታገለ ነው፤ መምጣቱን ግን አላቋረጠም።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎትና በረከት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የልዑል እግዚአብሔር ቸርነት አይለየን። ለአገራችን ሰላሙን፣ ለተፈናቀሉት መመለስን፣ ላዘኑት መጽናናትን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።